በጋቢናው በኩል ያለው ስዊች

መኪናዋ የነዳጅ ፓምፗ ተቃጥሏል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወንድይራድ እባላለሁ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ቶው ትራክ፣ የቆመ መኪና የሚጎትተውን፣ ነድቻለሁ፤ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ጎተራ አካባቢ መካኒክ ነበርኩ። ሞተር ሲያስል ሰምቼ በሽታውን አውቃለሁ እያልኩ ስኮራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ራሴን ለማሞገስ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የማሞግሰው ሌላ ሰው ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ ጃንዋሪ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዱክ ስትሪት ላይ፣ መብራቱ ጋ፣ አንዲት ወርቅማ ኮሮላ መሀል መንገድ ቆማ ትራፊክ ዘግታለች ብለው ጠሩኝ። ስደርስ የሾፌሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቁልፉ እንደተሰካ ነው፣ ሰው ግን የለም። አንድ የፊት መብራቷ ረግፎ ኮፈኗ ተጨራምቷል። አጠገቤ የቆመው ፖሊስ ታርጋዋን በሬዲዮ ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። ለካስ ከሃምሳ ደቂቃ በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ዜብራ ሲያቋርጡ የነበሩ ሽማግሌ ገጭታ ያመለጠች መኪና ናት። ሽማግሌው አቶ መንገሻ የሚባሉ የኛው ሰው ናቸው። እግራቸው ተሰብሮ፣ ጭንቅላታቸው ተመትቶ፣ ሆስፒታል ራሳቸውን ስተው ተኝተዋል።

ሞተሩን ሞከርኩት። ይዞራል፣ አይነሳም። "ፓምፑ ነው" አልኩ፤ ጽፌም ፈረምኩ። ጎትቼ ፖሊስ ሎት፣ የተያዙ መኪኖች ግቢ፣ አስገባኋት።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ቀጭን ልጅ ሎቱ ላይ ጠበቀችኝ። ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች፣ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች።

"ጋሽ ወንድይራድ? ዲቴክቲቭ ሰጂዳ ነኝ፣ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ። አማርኛዬ ሶሪ፣ ብሮክን ነው።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"አባቴ የደሴ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወለድኩ።" ሳቅ አለች። "ፓምፕ ነው ብለው ጽፈዋል። ቼክ አድርገውታል?"

"ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ..."

"ቼክ አድርገውታል?"

"አላደረግኩም" አልኩ። ምን ልበል? አላደረግኩማ!

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ትንሽ ቆየችና ጠራችኝ። ከሬዲዮኑ በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ፣ የእቃ ማስቀመጫው ኪስ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ጥቁር ስዊች አለች። ጽሑፍ የላት፣ ምልክት የላት። ፋብሪካው ያበጃት እንዳልሆነች ያስታውቃል።

"ይሄ ምንድነው የሚሠራው?"

"የፎግ ላይት ነው" አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ።

ወርዳ በፊት በኩል ዞረች። ጎንበስ ብላ አየች። "ጋሽ ወንድይራድ፣ ፎግ ላይት የላትም እኮ።"

ወይ ጉድ!

ከዚያ የሠራችውን ብታዩ እናንተም እንደኔ ትስቁ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እዚያ ብርድ ላይ መብራት ታበራለች፣ ስዊቿን ወደ ላይ፤ ታጠፋለች፣ ስዊቿን ወደ ታች። የመስኮት መጥረጊያ፣ ማሞቂያ፣ ሬዲዮ፣ ፍሬቻ፣ ጥሩምባ። በእያንዳንዱ ደብተሯ ላይ "ምንም" ብላ ትጽፋለች። እኔ ብሆን በሁለተኛው ሰልችቶኝ ትቼው ነበር። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ "አሁን ሞተሩን ያስነሱልኝ" አለችኝ።

ሞከርኩ፤ ይዞራል፣ አይነሳም። እጇን ዘርግታ ስዊቿን ቀጭ አደረገች። "አሁንስ?"

ቁልፉን ጠመዘዝኩት። ተነሳች! ያለ አንዳች ማንገራገር ተነሳች። ተቃጠለ ያልኩት ፓምፕ ከኋላ ወንበር ሥር ዝዝ ሲል ይሰማኛል። መልሳ ወደ ታች አደረገችው። ሞተሩ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ፣ ተንገጫግጮ ጠፋ።

"የነዳጅ ማቋረጫ ናት" አልኩ። "ለሌባ ነው የምትገጠመው። አየሽ፣ ፓምፕ ነው ብዬ ነበር..."

"ብለው ነበር" አለች፣ ሳትሳለቅብኝ። ከዚያ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቀበቶ አሰረች፣ ቀኝ እጇን ዘረጋች። አልደረሰም። ቀበቶውን ስባ፣ ትከሻዋን አጋድላ፣ እንደምንም በጣቷ ጫፍ ነካችው። ወርዳ ጋቢና ተቀመጠች። ግራ እጇን ዝም ብላ ጭኗ ላይ ብትጥለው ስዊቿ መዳፏ ሥር ሆነች።

"ለሌባ ቢሆን" አለች ቀስ ብላ፣ "ሾፌሩ እጅ ሥር ይደብቁት ነበር። ይሄ የተገጠመው ጋቢና ለሚቀመጥ ሰው ነው። መኪናዋ ስትገኝ ደግሞ ስዊቹ ተዘግቶ ነበር። ገጭቶ የሚያመልጥ ሰው የራሱን መኪና መሀል መንገድ ላይ ለምን ይዘጋል?"

እኔ ያየሁት የሞተ ሞተር ነው። እሷ ያየችው እዚያ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እውነት ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አገኘች። ስዊቿ ሥር ባለው ሸካራ ብረት ላይ አንዲት ቀጭን ሐምራዊ የሱፍ ክር ተይዛለች። በጋቢናው በኩል ያለው የፀሐይ መከላከያ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የማርያም ሥዕል ተሰክታለች።

"የመኪናው ባለቤት ስሙ ሱፍያን ነው" አለች ሥዕሏን እያየች። "የኮምቦልቻ ሙስሊም ነው። ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን የማን ነው?"

* * *

ከሰዓት በኋላ ይዛኝ ሄደች። "ስልክ ላይ አስተርጓሚ አለን" አለችኝ መንገድ ላይ፣ "አማርኛው ግን እንደ ዜና ነው። ሰው አይከፍትለትም። እርስዎ ይሻሉኛል።" አለቃዋን እንዴት እንዳሳመነች አልጠየቅኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ይለምኑኝ ብትለኝ እለምናት ነበር፤ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

ሱፍያን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ጥቂት ገባ ብሎ ባለ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቷል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ግድግዳው ላይ አንዲት ሴትና አንዲት ትንሽ ልጅ በፎቶ ይስቃሉ።

"ጠይባ ናት፣ ባለቤቴ" አለን። "ልጄ ፈይሩዝ ናት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኤምባሲ ኢንተርቪው አላቸው። አራት ዓመት ጠብቀናል።"

ነገሩን በእርጋታ ተናገረ። ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ እንዲሞቅ ትቶት ገባ። ሱብሒ ሰገደ። ሲወጣ መኪናዋ የለችም።

"የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው" አለ። "ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ።"

"ያቺ ስዊች ምን ትሠራለች?" አለችው ሰጂዳ።

"አላውቅም። አቶ ፍሰሐ ሲሸጡልኝ 'አትንካት' አሉኝ።"

"እና ስምንት ወር ሙሉ አልነካሃትም?"

"አትንካት ተባልኩ እኮ!"

ሳቄ አመለጠኝ። የኛ ሰው! ፈረንጅ ቢሆን ቁልፉን በተቀበለ በደቂቃው ይነካት ነበር። ትልቅ ሰው አትንካ ካለ ግን የኛ ሰው ስምንት ወር አይደለም፣ ስምንት ዓመትም ዓይኗን እያየ ይነዳል።

"ጋቢና ማን ይቀመጣል?"

"ማንም።"

"የማርያም ሥዕል አለ።"

ሱፍያን መዳፉን ማየት ጀመረ። "የአቶ ፍሰሐ ይሆናል።"

ሰጂዳ ወንበሯን ወደፊት ሳብ አደረገች። "ሱፍያን፣ ቁልፉ ያንተ ነው። የተሰበረ መስታወት የለም። አሻራ ተፈልጎ መሪው ላይ ያንተ ብቻ ነው የተገኘው። አለቃዬ ዓርብ ይከሰስ ይላል። ከተከሰስክ ያ ኢንተርቪው... ገብቶሃል አይደል? ጋቢና ሰው እንደነበረ አውቃለሁ።"

ፎቶውን ቀና ብሎ አየ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አልደበቀውም።

"እህቴ፣ አማና፣ አደራ የሚባል ነገር ታውቂያለሽ?"

"አባቴ አስተምሮኛል።"

"እንግዲያው አትጠይቂኝ።"

ወጣን። መኪና ውስጥ ስንገባ መያዝ አልቻልኩም። "ጓደኛው ነው! መኪናውን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ ጓደኛው ገጭቶ፣ አሁን ይሸፍንለታል። ወይም ያ የሸጠለት ፍሰሐ ነው። ትርፍ ቁልፍ አስቀርቶ ይሆናል። ሥዕሏም የሱ ናት፣ ስዊቿንም ያውቃል!"

"ሊሆን ይችላል" አለች ሞተር እያስነሳች። "እኔ ግን አሁን የምፈልገው የነዳውን አይደለም። የዘጋውን ነው።"

* * *

ፍሰሐ መንዳት አስተማሪ ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ኮኖች ደርድሮ ተማሪ ሲያመላልስ አገኘነው። ጢሙን የተከረከመ፣ ፉጨት የሚወድ ሰው ነው።

"የማርያም ሥዕል?" አለ ሰጂዳ ስትጠይቀው፣ እጁን እያወዛወዘ። "እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እህቴ። ሥዕል የለኝም። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ሚካኤል የሚባል ተማሪዬን ለፈተና ወስጄ ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የፈተናው ቢሮ በረንዳ ላይ ስንንቀጠቀጥ ነበር። ፈታኙም ይመሰክራል።" ሰጂዳ ኋላ አጣራች፤ እውነቱን ነው። ፍሰሐ ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ በአንድ ትንፋሽ ሞተ።

"ስዊቿስ?"

አፍሮ ሳቀ። "የተማሪ መኪና ነበረች። በኔ በኩል ትርፍ ፍሬን ነበራት። ፍሬኑ ባይበቃ ብዬ ነዳጅ የምታቋርጥ ስዊች በግራ እጄ በኩል አስገጠምኩ። መኪናዋን ስሸጥ ፍሬኑን ነቅዬ ለአዲሷ ወሰድኩ፤ ስዊቿን ተውኳት። ተማሪ የተጫወተባት መኪና ናት ብዬ ብናገር ማን ይገዛኛል? 'አትንካት' ብዬ አለፍኩ።"

"ጥሩ አስተማሪ ይመስላሉ" አለች ሰጂዳ።

ነካችው! ደረቱን ነፋ። ማን በመጀመሪያው ፈተና እንዳለፈ፣ ማን አሁን ትልቅ ትራክ እንደሚነዳ ይዘረዝር ጀመር። ሰጂዳ አንድም አልጻፈችም። ሲጨርስ እንዲህ አለችው፦

"ጎበዞቹን አይደለም። በጣም ሰነፏ ተማሪዎ ማን ነበረች?"

"ምን?"

"ጎበዝ ተማሪ ስዊቿን ሲዘጓት አይቶ አያውቅም። የሚዘጉት ለማን ነበር?"

እዚያ ላይ ቆሜ ኮፍያዬን ማውለቅ ነው ያማረኝ። እኔ አንድ ሺህ ተማሪ እንዴት ይጣራል እያልኩ ስጨነቅ እሷ በአንድ ጥያቄ አንድ ሰው ላይ አደረሰችው። ፍሰሐ ኮኑ ላይ እስኪደገፍ ድረስ ሳቀ።

"እትዬ አሰፋሽ! ጌታ ይባርካቸው፣ ስድስት ጊዜ ወድቀዋል። ቢጫ መብራት ሲያዩ ፍሬኑን ትተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከሳቸው ጋር ያቺን ስዊች ያልዘጋሁበት ቀን የለም። በኋላማ ጋቢና አስቀምጬ እኔው እየነዳሁ፣ 'እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይዝጉትና መኪና ያለ ሞተር እንዴት እንደሚቆም ይዩ፣ ፍርሃትዎ ይውጣ' ብዬ አለማመድኳቸው። በመዝጋት ተሻሉ። በመንዳት ግን..." ራሱን ነቀነቀ።

"የት ይኖራሉ?"

"ከሱፍያን ማዶ፣ ቤዝመንት ውስጥ። መኪናዋን ስሸጥ ከሱፍያን ጋር ያገናኙኝ እሳቸው ናቸው እኮ።"

* * *

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። አጠር ያሉ፣ ስድሳ የተጠጉ ሴት ናቸው። ሰጂዳን አዩ፤ ቀበቶዋ ላይ ያለውን የፖሊስ ምልክት አዩ።

"ልትወስዱኝ ነው?" አሉ።

"አይደለም፣ እትዬ። የመኖሪያ ወረቀት አልጠይቅም። የኔ ሥራ አይደለም።"

እኔ በአማርኛ ደገምኩላቸው፣ አስረዘምኩት፣ በማርያም ማልኩላቸው። ሰንሰለቱ ወረደ። ሰጂዳ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ማሞቂያው ላይ ሐምራዊ የሱፍ ጓንት ተሰጥቷል። አየችው፣ እኔም አየሁት። ዝቅ ካለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ በለዘበ ድምፅ ጠየቀች፦

"እትዬ፣ ቤልትዌይ ላይ ለምን አልዘጉትም?"

አሮጊቷ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ሲያለቅሱም መለሱ።

"እዚያ ብዘጋው ከኋላችን ያለው ትራክ ይጨርሰን አልነበር? ፍሰሐ አስተምሮኛል። ፈጣን መንገድ ላይ ሞተር አይጠፋም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱፍያን በየጠዋቱ የሚያጸዱበት የአረጋውያን ቤት ድረስ ያደርሳቸዋል። ሁልጊዜም እሱ ሰግዶ እስኪወጣ እሳቸው ቀድመው በሞቀችው መኪና ጋቢና ይቀመጣሉ፤ ሥዕሏንም ራሳቸው ሰክተዋታል፣ እሱም "ትጠብቀን" ብሎ ትቶላቸዋል። ያን ቀን ጠዋት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ዝቅ ብለው ሳሉ በሩ ተከፈተ። ሱፍያን መስሏቸው "አልሐምዱሊላህ፣ ጨረስክ?" አሉ። ሰውየው ቀድሞ መሪውን ይዞ ተፈትልኳል።

"የማላውቀው፣ ጓንት ያጠለቀ ጎረምሳ ነው። የኛ ሰው አይደለም። ስናገር ዞሮ አየኝ፣ በጣም ደነገጠ። እኔን ሲያይ ነው ሽማግሌውን የገጨው!" ደረታቸውን መቱ። "ዝም ብል ኖሮ መንገዱን ያይ ነበር። መንገሻን የገደልኩ እኔ ነኝ።"

"አልሞቱም" አለች ሰጂዳ ቶሎ። "ዛሬ ጠዋት ነቅተዋል። ቁርስ አምጡ ብለዋል።"

እትዬ አሰፋሽ ለማርያም እልል አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። ሰውየው እየጮኸ፣ እየተሳደበ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚወስደውን የወንዝ ድልድይ አሻግሮ ይዟቸው በረረ። እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ስዊቿ መዳፋቸው ሥር ናት። ድልድዩ ላይ አልዘጉም፤ መውጫው ላይ አልዘጉም። ዱክ ስትሪት ላይ መኪና በዝቶ ሲያዘግም፣ መብራቱ ቀይ ሲሆን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጭ አደረጉት። አረንጓዴ ሲበራ ሰውየው ነዳጅ ረገጠ፤ መኪናዋ ተንገጫግጫ ሞተች። ከኋላ ጥሩምባ ቢነፋበት በሩን ከፍቶ ሮጠ።

"እኔም ወርጄ በሬን ዘጋሁና በሜትሮ ሥራ ገባሁ።"

"ሥራ ገቡ?" አልኩ እኔ፣ መተርጎሜን ረስቼ።

"ታዲያ ማን ይወለውልልኛል? አርፍደሻል ብለው ተቆጡኝ።"

እግዜር ያሳያችሁ! ስድስት ጊዜ የወደቁ ሴት፣ ሃያ ማይል ሙሉ ከሌባ ጋር ተቀምጠው ትክክለኛውን ቦታ መረጡ። እኔ ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ድልድዩ ላይ ዘግቼው እሞት ነበር።

"ለምን አልተናገሩም?" አለች ሰጂዳ።

"ወረቀት የለኝማ። ለሱፍያን ደወልኩ፣ 'ስሜን አታንሳ' አልኩት፣ ማለልኝ። ትናንትም ጠየቅኩት። 'ነገሩ አልቋል፣ እኔን አይነኩኝም' አለኝ።"

ሰጂዳ ወደ እኔ ዞረች። ይህን በደንብ እንድተረጉመው እንደፈለገች ገባኝ። ነገርኳቸው። ነገ ዓርብ እንደሚከሰስ፣ የጠይባና የፈይሩዝ ኢንተርቪው እንደሚቀር፣ ይህን ሁሉ እያወቀ ስማቸውን እንዳልጠራ።

እትዬ አሰፋሽ አላለቀሱም። ተነሥተው ሐምራዊ ጓንታቸውን ከማሞቂያው አነሡ፣ አጠለቁት።

"ይሄ ልጅ ዋሸኝ" አሉ። "ተነሡ፣ እንሂድ። ከፈለጉ ይመልሱኝ።" በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ተመለሱ፤ ከምሳ ዕቃቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። "ጎረምሳው ሲሮጥ ከወንበሩ ሥር ጥሎት ነው። ሌባ ያገኘው መስሎት ይጨነቅ።"

የስልኩ ባለቤት ቅዳሜ ተያዘ። ሱፍያን ዓርብ አልተከሰሰም። እትዬ አሰፋሽንም ማንም አልመለሳቸውም፤ ታፍኖ የተወሰደና ከፖሊስ ጋር የተባበረ ሰው ወረቀት የሚጠይቅበት መንገድ አለ ብላ ሰጂዳ ራሷ ጠበቃ ፈለገችላቸው። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ይሞከራል።

* * *

ጁላይ ውስጥ እዚሁ አጠገባችን ያለው ደለስ ኤርፖርት ሄድን። ሱፍያን ኮሮላዋን አሳጥቧታል፤ አዲሱን የፊት መብራት በነፃ የቀየርኩለት እኔ ነኝ፣ ፓምፑ ግን ያው የድሮው ነው። ጠይባ ወጣች፤ ፈይሩዝ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ እየተገፋች መጣች። የሆነውን አልነግራችሁም፣ አራት ዓመት የጠበቃችሁ ታውቁታላችሁ። ሰጂዳ ከኋላችን ቆማ ሶፍት ስትፈልግ አየኋት።

መኪናው ጋ ስንደርስ ሱፍያን የጋቢናውን በር ለሚስቱ ከፈተ። እትዬ አሰፋሽ ልጅቷን ይዘው ወደ ኋላ ሲሄዱ ጠይባ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

"እማማ፣ ወዴት ነው?"

"አንቺ ከባልሽ ጎን ተቀመጪ እንጂ፣ ልጄ።"

"እኔ ገና ዛሬ መጣሁ" አለች ጠይባ። በሩን በሰፊው ከፍታ ያዘችላቸው። "ይሄ የእርስዎ ቦታ ነው።"

ገብተው ተቀመጡ። ሥዕሏን አስተካከሉ፣ ቀበቶ አሰሩ፣ ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሱፍያን ሞተሩን አስነሳ።